ያልታረመ ደብተር

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ልጁ የሚላከው ይቆጠራል፤ ከልጁ የሚመለሰውን የሚቆጥር ግን የለም

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ሦስት ቀን እንዳለፈ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ ወሰነ። አሥራ አምስት ቀን ለመምህር ብዙ አይደለም፤ ከአንደኛው መንፈቅ ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ እንደሚገኘው ዕረፍት ያለ ነገር ነው። በየመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ብዙዎች የወጡት ቶሎ እንደሚመለስ ሰው ሆነው ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ቀን እንደተጻፈ ቀረ። ለእርማት የተሰበሰበ ደብተር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ እንደተከመረ ተቆለፈበት። ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ደወል የሚሆነው የመኪና ቸርኬ ዝም አለ። ግቢው ለዘበኛውና በአጥር ቀዳዳ ለሚሾልኩት ፍየሎች ተተወ።

አሥራ አምስት ቀኑ ወር ሆነ፤ ወሩም ክረምቱን ተሻገረ። ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ከገጠር ወደ ከተማ በየተራ ሲከፈቱ፣ ያ የደብተር ክምር አቧራ ለብሶ ጠበቃቸው። በመካከሉ ባሉት ሰባት ወራት አገሩ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ቴሌግራም ሲነጋገር ከረመ። ስለ ደብተሩ ብዙም አልተነሳም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ግን ያለው እዚያ ክምር ላይ ነው። ለትንሽ ልጅ የርቀት ትምህርት ሠመረ የሚባለው ልጁ ቤት ሆኖ የሠራው ነገር ተመልሶ መምህሩ ዓይን ሥር ሲገባ ነው። ይህ መመለሻ መንገድ ከሌለ የተላከው ሁሉ፣ በምንም ዓይነት መሣሪያ ይላክ፣ ወንዝ ላይ እንደተጣለ ወረቀት ነው።

ሬዲዮው ብቻውን ቤት ሄደ

የሬዲዮ ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ጎልማሳው አንባቢ የሬዲዮ ክፍለ ጊዜን አይረሳውም። ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በጥንቃቄ ተይዞ የሚመጣው ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ መዝሙሩ ይሰማል፣ ተናጋሪዋ ትጠይቃለች፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አጠገቡ የቆመውን መምህር ነው። መምህሩ ከሥርጭቱ በፊት፣ በሥርጭቱ ጊዜና ከሥርጭቱ በኋላ ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው መምሪያ በእጁ ነበረው። ተናጋሪዋ "ጎበዞች!" ስትል፣ ማን በትክክል እንደመለሰና ማን አፉን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ የሚያውቀው እሱ ነው። የትምህርት ሬዲዮ ሲፈጠርም ለሁለት ታስቦ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል።

> ሬዲዮው ድምፅ ነበር፤ ጆሮው መምህሩ ነበር።

በ2012 ቤት የሄደው ግማሹ ብቻ ነው። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፦ ለመጀመሪያ ደረጃ ሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥን። ክልሎች በየቋንቋቸው ሥርጭት አዘጋጁ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ በሚሰጥበት አገር ይህ ቀላል ሥራ እንዳልነበረ ማመን ያስፈልጋል። ግን ሬዲዮው ከጠየቀ በኋላ ለመልስ የሚተወው ዝምታ እረኛው ልጅ ሜዳ ላይ፣ ሴቷ ልጅ ምንጭ ዳር ሆነው የሚያልፍ ዝምታ ሆነ። የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት በየቤቱ እየደወለ ባደረገው ተከታታይ ጥናት፣ ከመዘጋቱ በፊት ትምህርት ላይ ከነበሩት የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች መካከል በተዘጋበት ወቅት አንዳች የትምህርት ሥራ ሲሠሩ የተገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። የገጠሩ ልጅ ደግሞ ከከተማው በብዙ ርቆ ኋላ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ በሬዲዮ እጥረት ብቻ የሚያሳብብ ሰው ፕላዝማውን ያስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን መብራትም መምህርም ባለበት ክፍል ውስጥ ነበር። ቅሬታው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነበር፦ ፕላዝማው አይጠብቅም። ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል፤ ያልገባው እጁን ቢያወጣም የሚያየው የለም። በክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ያስቸገረ የአንድ አቅጣጫ ትምህርት፣ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዶ ያስተምራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነበር።

ቴሌግራምና የወር ክፍያ

በከተማ ታሪኩ ሌላ መልክ ነበረው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ሰኞ ጠዋት ወርክሺት ይለቀቃል፤ ከዚያ የመጽሐፉ ገጽ በፎቶ፣ አንዳንዴም የመምህሯ ድምፅ። ስልኩ የእናት ነው፤ እናት ደግሞ ሥራ ላይ ናት። ማታ ስልኩ ቤት ሲገባ ሦስት ልጆች ይጠብቁታል፤ የ5ኛ ክፍሉ ይቀድማል፣ የ1ኛ ክፍሏ እንቅልፍ ይወስዳታል። በዚህ መሀል የክፍያ ጥያቄ መጣ። ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርኃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ፈቀደ፤ ንትርኩም ጦፈ። ወላጅ "ለፎቶ ነው እንዴ የምከፍለው?" ሲል፣ የትምህርት ቤት ባለቤት "የመምህራን ደመወዝ ከየት ይምጣ?" ይላል።

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የወላጁ ምሬት ግን ከገንዘቡ ያለፈ ነገር ይነግረናል። ያ ወላጅ በደህናው ጊዜ የሚከፍለው ለወርክሺት አልነበረም፤ ወርክሺት ፎቶ ኮፒ ቤት በርካሽ ይገኛል። የሚከፍለው ልጁ የሠራውን አይቶ "ይሄ ተሳስቷል፣ ድገመው" ለሚል ሰው ነው። ግሩፑ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አልነበረም። የተሠራው በፎቶ ተመልሶ የሚላክለት መምህር ደግሞ በደበዘዘ የእርሳስ ጽሑፍና በሞላ ስልክ መካከል ተጣብቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው የአውራ ጣት ምልክት ነበር። አውራ ጣት እርማት አይደለም።

የኔታ ፊት የሚቆም ልጅ

አንድ ትንሽ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምን ያገኛል? መጽሐፍ፣ ሰሌዳና ጓደኛ እንላለን። እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ግን ነገ የሚጠይቀው ሰው መኖሩ ነው። የቤት ሥራ የሚሠራው ስለሚታይ ነው። ንባብ የሚለመደው ሲሳሳቱ የሚያቆም ጆሮ ስላለ ነው። በተለይ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ የተሳሳተውን ራሱ አያውቀውም። "ሰ"ን ገልብጦ የጻፈ ልጅ ካልታረመ ገልብጦ መጻፍን በደንብ ይለማመዳል። ያልታረመ ልምምድ ስሕተትን ማጠንከሪያ ይሆናል ማለት ነው፤ ከነጭራሹ አለመሥራት የሚሻልበት ጊዜም አለ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ይህን እውቀት ከውጭ አልተበደርነውም። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ፊደል ላይ፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ፣ ሌላው ዳዊት ላይ ሆነው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይውላሉ። የውጭ ሰው ሲሰማው ጫጫታ ነው። የኔታ ግን ልጁን ፊታቸው አቁመው የደረሰበትን ያስብሉታል፤ ካልያዘው አይሻገርም። ሁሉንም እሳቸው አያስተምሩም፤ የቀደመው ተማሪ ለተከታዩ ያስቀጥላል፣ እሳቸው ይሰማሉ። በዘመናዊው ቋንቋ ምዘና፣ የደረጃ ትምህርትና የአቻ ለአቻ ድጋፍ የምንለው ሁሉ እዚያ ጥላ ሥር አለ። በእርግጥ የአለንጋውን ነገር መልሱ የሚል የለም።

ኢንተርኔት ያለውም ከሠረ

"ችግሩ ድህነት ነው፤ ታብሌትና ኢንተርኔት ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" የሚለው ሙግት ብዙ ተሰምቷል፤ ባለሥልጣንም፣ ለጋሽም፣ ነጋዴም ይወደዋል። መልሱ ከኔዘርላንድስ መጥቷል። እዚያ በመጀመሪያው ዙር ትምህርት ቤት የተዘጋው ለ8 ሳምንት ያህል ነው፤ ፈጣን ኢንተርኔት በሁሉም ቤት አለ ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎች ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ የተሰጡ አገር አቀፍ ፈተናዎችን ሲያስተያዩ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች ቤት በዋሉባቸው ሳምንታት ያተረፉት እውቀት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩት ደግሞ የባሰ ተጎድተዋል። መሣሪያው ሞልቶ ነበር። የጎደለው አጠገባቸው ተቀምጦ "እስቲ አሳየኝ" የሚል ሰው ይመስላል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የቦትስዋና ነው። እዚያ ተመራማሪዎች ወላጆችን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዱ ወገን በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ። ለሌላው ወገን ያንኑ መልእክት ልከው ደወሉ፤ አስተማሪው ከልጁና ከወላጁ ጋር ወደ 20 ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ጥያቄውን አብሮ ይሠራል። ኢንተርኔት አልነበረበትም፤ ስልኩም የተለመደው ባለ ቁልፉ ስልክ ነው። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ያገኙት ለውጥ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። የተደወለላቸው ግን በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ተሻሻሉ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ልጁ ያሰበውን የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

> ልዩነቱ ልጁ ያሰበውን የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ተከራካሪ ሴራሊዮንን ያነሳል፤ ማንሳትም አለበት። በኢቦላ ጊዜ የሬዲዮ ትምህርትን የለመደችው ሴራሊዮን በኮሮና ጊዜም ሬዲዮዋን ስትከፍት፣ የተወሰኑ ልጆች በመምህራን ስልክ እንዲደወልላቸው ተደርጎ ተጠንቷል። ልጆቹ ለትምህርቱ የሰጡት ጊዜ ጨመረ፤ የፈተና ውጤታቸው ግን ከሌሎቹ አልተሻለም። ታዲያ ስልክ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ጥያቄው የተሳሳተ ይመስለኛል። በቦትስዋና ለተወሰኑት ልጆች የሚሰጠው ጥያቄ ልጁ የቆመበትን ደረጃ ተከትሎ ይስተካከል ነበር፤ ማባዛት ላይ ያለው ማባዛት፣ ገና መቀነስ ላይ ያለው መቀነስ። ተራ ደዋይ "ሬዲዮውን ሰማህ?" ብሎ ይዘጋል። የኔታ ግን "ትናንት ያቆምክበትን በል" ነው የሚሉት። ስለዚህ መመለሻ መንገድ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ መንገድ የመጣው ነገር ቀጥሎ የሚላከውን መለወጥ አለበት።

አንድ ቅጠል ወረቀትና የገበያ ቀን

ከአስፋልት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቅ ትምህርት ቤትን እናስብ። በአዲሱ አደረጃጀት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያስተምራል፤ መብራት የለውም፣ ኔትዎርክ ደግሞ ጉብታው ላይ ሲወጡ ነው። ይህ ትምህርት ቤት ነገ ቢዘጋ ምን አለው? ከሚባለው በላይ ብዙ አለው። የየትኛው ጎጥ ልጅ ማን እንደሆነ የሚያውቁ መምህራን አሉት። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር የተዋቀሩበት ኅብረት አለው። በየሳምንቱ ሰው ሁሉ የሚወርድበት ገበያ፣ በየቤቱ የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ዕድር አለው። ብዙ የተወራበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ልምድም አለ፤ በፖለቲካው ምክንያት ስሙን ጠልተነው ይሆናል እንጂ፣ አምስት የአንድ መንደር ልጆች ከአንድ ጎበዝ ጋር መቀመጣቸው ራሱ የሚጠላ ነገር አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው በአንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ለ2ኛ ክፍል የሳምንቱ ሥራ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ጮክ ተብላ የምትነበብ አጭር ምንባብ፣ የሚገለበጡ ሁለት መስመሮች፣ አምስት የሒሳብ ጥያቄዎች፣ ከታች ደግሞ ለመምህሩ የተተወ ባዶ ቦታ። ማባዣ ከሌለ ሥራው በአጥሩ ላይ በሚሰቀል ጥቁር ሰሌዳ ይጻፋል፣ የቡድኑ መሪ ገልብጦ ይወስዳል። ቅዳሜ ወላጅ ገበያ ሲወርድ የተሠራውን ደብተር ይዞ ይመጣል፣ ባለፈው ሳምንት ሰጥቶት የታረመውን ተቀብሎ ይመለሳል። መምህሩ በሁለቱ ገበያዎች መካከል ያርማል። እርማቱም ራይትና ኤክስ ብቻ አይደለም፤ "ይህችን ለእህትህ አንብብላት"፣ "ከ20 በላይ መቀነስ አስቸግሮሃል፣ እነዚህን ሦስቱን ሥራ" የሚል አንድ መስመር ይጨመርበታል። ያቺ መስመር ለዚያ ልጅ ብቻ የተጻፈች ናት፤ ሬዲዮ የማይችለው እሷን ነው። ሬዲዮውም ቢሆን እዚህ ቦታ አያጣም፤ ምንባቡ በሬዲዮ የተሰማው ከሆነ ልጁ ወረቀቱ ላይ ሲያገኘው እንግዳ አይሆንበትም።

ደግሞ አለመመለሱም ይናገራል። የአንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ደብተር ሁለት ሳምንት ከቀረ፣ ወይ ታማለች፣ ወይ ለሰው ቤት ሥራ ተልካለች፣ ወይ ሽማግሌ ተልኮባታል። በ2012 ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ወራት ያለዕድሜ ጋብቻ ስጋት በየአካባቢው መነሳቱ የሚታወስ ነው። በደህናው ጊዜ ይህን ቀድማ የምትሰማው የክፍል ኃላፊዋ ስም ስትጠራ ነበር። ደብተር የሚመለስበት ቀን ስም የሚጠራበት ቀን ነው።

"መምህሩስ ሰው አይደለም?"

ይህን ሐሳብ የሰማ መምህር መጀመሪያ የሚያነሳው ብዛቱን ነው። በአንድ ክፍል 60 ልጅ ያለው ሰው፣ በራሱ ካርድ እየደወለ፣ በራሱ እግር እየዞረ፣ ሁሉንም ሊያርም? ተገቢ ቅሬታ ነው፤ የመምህርን ኑሮ የሚያውቅ ሰው አይስቅበትም። ነገር ግን ሁሉንም በየሳምንቱ ማረም አይጠበቅበትም። በሳምንት 15 ደብተር በጥልቀት ቢያይ በወር ክፍሉን ያዳርሳል፤ በቀሪዎቹ ሳምንታት የቡድን መሪዎቹ ያያሉ። የካርዱን ወጪ ግን ትምህርት ቤቱ ወይም ወረዳው መሸፈን አለበት፤ በጎ ፈቃድ የሁለት ሳምንት ዕድሜ እንኳ የለውም። የመንግሥት መምህራን ደመወዝ በተዘጋው ጊዜ ሁሉ አልተቋረጠም ነበር። የጎደለው ምን እንዲሠሩ እንደሚጠበቅ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በግልጽ የሚናገር ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወላጅ አልተማረም የሚለው ነው። ወላጅ መምህር ይሁን ከተባለ እውነት ነው። እዚህ ግን ከወላጅ የሚፈለገው ማስተማር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረች እናት ልጇ እየተደናቀፈ ሲያነብና ሳይደናቀፍ ሲያነብ ለይታ ትሰማለች። "ዛሬ አልሠራህም" ለማለትም ፊደል አያስፈልጋትም። ይልቅ ከእሷ የሚጠየቀው ከባዱ ነገር ጊዜ ነው፤ ልጁን ከከብት ኋላ አንድ ሰዓት ማሳረፍ። ይህን የምታደርገው ደብተሩን ቅዳሜ የሚጠይቃት ሰው እንዳለ ስታውቅ ነው።

ሦስተኛው "ሲከፈት ይካካሳል" ይላል። ሞክረነዋል። በ2012 ከ8ኛና ከ12ኛ በስተቀር ተማሪዎች የሁለተኛውን መንፈቅ ሳይማሩ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛወሩ። በቀጣዩ ዓመት በፈረቃ በተከፈተው ክፍል 3ኛ ክፍል ተብሎ የተቀመጠው ልጅ የ2ኛ ክፍልን ግማሽ አያውቅም፤ መምህሩ ደግሞ የቱን ግማሽ እንደሆነ አያውቅም። ማካካሻ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው በተዘጋው ጊዜ የተመላለሰ ደብተር ቢኖር ነበር።

አራተኛው ተቃውሞ ግን ሙሉ መልስ የለውም። ገበያው ራሱ ከቆመ፣ መንገዱ ከተዘጋ፣ መምህሩ ከተፈናቀለስ? በትግራይ መጋቢት 2012 ላይ ትምህርታቸው የተቋረጠ ልጆች ጦርነቱ ተጨምሮበት ሦስት ዓመት ያህል ከክፍል ርቀዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ የርቀት ትምህርት ዕቅድ መጻፍ ቀርቶ ስም መጥራትም አደጋ ሊኖረው ይችላል። የሚቀረው በጣም ትንሽ ነው፤ በአንድ መንደር ያለ አንድ መምህር፣ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ወይም አንድ ዲያቆን አምስት ልጅ ሰብስቦ ማስነበብ። ትንሽ ቢሆንም፣ ማንም ከማይሰማው ሥርጭት ይልቅ ለትምህርት የሚቀርበው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ አይታሰብም። የጎጥ ዝርዝሩ፣ የወላጅ ስልክ ቁጥሩ፣ የቡድን መሪዎቹ ስም፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ወረቀት ደወሉ እየተደወለ ሳለ የሚዘጋጁ ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ ልጅ የሚያስተምሩ ከሆነ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ መዋጮውና ስለ ዩኒፎርሙ ከመነጋገራችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩን አንድ ነገር ይጠይቁልን፦ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ፣ የልጄን ደብተር የሚያርመው ማን ነው፣ በስንት ቀኑስ ይመለስልኛል?